ታኅሣሥ 29 የማን ልደት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በኅዳር ወር መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጥናት ክፍላችን ተሰብስበን ሳለ አንዲት እኅታችን እጅዋን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ከእናቴ ጋር ስጾም ኖሬአለሁ። አሁን በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ፣ ገና የጣዖት በዓል ነው፤ ሮማውያን ለፀሐይ ያከብሩት የነበረውን ቀን ቄሶች ስሙን ለውጠው ነው የሰጧችሁ አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ትናንት ማታ ሽሮዬን አቅርቤ፣ ለመሆኑ እኔ ለማን ነው የምጾመው? አልኩ።»

ከመካከላችን «ዝም በይው!» ያሉ ነበሩ። የሳቁም ነበሩ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ጥያቄው ዝም የሚባል አይደለም፤ የሳቀው ሰው መልሱን ፈልጎ ይጻፍልን» ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። በቀጣዮቹ ሁለት ሰንበቶች የእኅታችን ቦታ ባዶ ሆኖ ስመለከት፣ ሣቄ ምን እንደሠራ ገባኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የመጣ ነው። (ከእኛ አገር ውጭ ስለሆነው ነገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።)

ከሁሉ አስቀድመን እውነት የሆነውን ነገር እንቀበል። በአራቱም ወንጌላት ጌታችን የተወለደበት ወርና ቀን አልተጻፈም። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ላይ አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ እንዲቆጠር እንዳዘዘ፣ ዮሴፍ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም እንደወጣ፣ ሕፃኑ በግርግም እንደተኛ፣ እረኞችም ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የምሥራቹን እንደሰሙ ይነግረናል። ቅዱስ ማቴዎስም ስለ ሄሮድስና ስለ ሰብአ ሰገል ይጽፋል። ዘመኑን በነገሥታቱ ስም አስታወቁን፤ ቀኑን ግን አልነገሩንም። ይህ ለምን ያስደነግጠናል? እናቴ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። የምታውቀው «አንበጣ በመጣበት ዓመት፣ እህል ሲታጨድ» ተብሎ የተነገራትን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ባለማወቋ አልተወለደችም የሚላት ሰው እስከ ዛሬ አልገጠማትም።

የጥንት ክርስቲያኖችም በልደት ቀን ላይ ብዙ አይጨነቁም ነበር። ያከብሩት የነበረው የጌታን ትንሣኤና ሰማዕታት ደማቸውን ያፈሰሱበትን ቀን ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው መምህር አርጌንስ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የልደት ቀናቸውን ሲያከብሩ የምናገኛቸው ፈርዖንና ሄሮድስ እንጂ ጻድቃን አይደሉም እስከማለት ደርሷል። ፈርዖን በልደቱ ቀን የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ ሰቀለ፤ ሄሮድስም በልደቱ ቀን የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት አስቆረጠ። እንዲህ ያለ የልደት ግብዣ ለሚያውቅ ሕዝብ ልደትን ማክበር ባይጥመው አይፈረድበትም።

ሆኖም ቀኑን ለማወቅ የሚመራመሩ ሰዎች አልጠፉም። ከአርጌንስ በፊት፣ በ200 ገደማ፣ የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ በዘመኑ የነበሩትን አሳቦች ሲዘረዝር አንዳንዶቹ ግንቦት 25፣ ሌሎቹ ሚያዝያ 24 ወይም 25 ይሉ እንደነበር ጽፏል። ወሮቹ የግብፅ ወሮች ናቸው፤ የግብፅ ወር ደግሞ ከእኛ ወር ጋር ቀን በቀን ስለሚገጥም እንዳለ ወደ እኛ አቆጣጠር ልናመጣው እንችላለን። ይኸው ቀለሜንጦስ፣ ባሲሊደስ የተባለው መናፍቅ ተከታዮች የጌታን ጥምቀት ጥር 11 ወይም ጥር 15 ቀን ያከብሩ እንደነበር ይነግረናል። ይህችን ጥር 11 ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን የባልደረባዋን ክስ እንመርምር። ክሱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ274 ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያኖስ በሮማ ለፀሐይ ትልቅ ቤተ ጣዖት ሠራ፤ «የማይሸነፈው ፀሐይ» አምልኮ በእርሱ ዘመን ከፍ ከፍ አለ። ዲሴምበር 25 ቀን ደግሞ በሮማውያን የዘመን አቆጣጠር ሌሊቱ ረዝሞ የሚያበቃበትና ቀኑ መርዘም የሚጀምርበት ቀን ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሮማ አገር ከምድር ወገብ የራቀ ስለሆነ በዚያ ወቅት ብርሃን የሚታየው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እኛ በአዲስ አበባ በሰኔና በታኅሣሥ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትመለስ ለእነርሱ የነበረው ደስታ ለእኛ በቀላሉ አይታየንም። በዓሉን «የክረምት በዓል» የሚሉትም እነርሱ ናቸው፤ በእኛ አገር ታኅሣሥ በጋ ነው፣ ውርጩ ቢጠናም አውድማው ሞልቶ የሚታይበት ወር ነው።

ማስረጃው የቱ ነው? ፊሎካሉስ የተባለ ጸሐፊ በ354 ለአንድ ሮማዊ ክርስቲያን ያዘጋጀው መጽሐፍ አለ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በሚገኘው የመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ላይ በዲሴምበር 25 አንጻር የ«የማይሸነፈው» ልደት መሆኑና 30 የሠረገላ ውድድር እንደሚደረግ ተጽፏል። ክሱ የተመሠረተው በዚህ ነው። ነገር ግን እኔን ያስገረመኝ የሚቀጥለው ነው፦ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ገጽ የሰማዕታት መታሰቢያ ዝርዝር አለ፤ ዝርዝሩ የሚጀምረው በዚያው በዲሴምበር 25 ክርስቶስ በይሁዳ ቤተ ልሔም እንደተወለደ በመግለጽ ነው። ሊቃውንት ይህ ዝርዝር መጀመሪያ የተዘጋጀው በ336 እንደሆነ ከውስጡ አውጥተው ያስረዳሉ። እንግዲህ በዚህ ቀን የፀሐይ ልደት ይከበር እንደነበር የሚናገረው የመጀመሪያው ግልጽ ጽሑፍና የክርስቶስ ልደት ይከበር እንደነበር የሚናገረው የመጀመሪያው ግልጽ ጽሑፍ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የሮማ የቀን መቁጠሪያዎች ለፀሐይ የሚደረጉ በዓላትን በኦገስት ወር ያሳያሉ። ስለዚህ «ከፀሐይ ወስደው ለክርስቶስ ሰጡት» የሚለው አነጋገር እንደ ተረጋገጠ ነገር ሊነገር አይገባውም።

«ከፀሐይ በዓል ተወስዶ ነው» ብሎ በግልጽ የሚናገር አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ይጠቀሳል። እርሱም በ12ኛው መቶ ዓመት በነበረው በሶርያዊው ዲዮናስዮስ ባር ሳሊቢ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ የሰፈረ ማስታወሻ ነው። ነገሩ ከሆነ ከ800 ዓመት ያህል በኋላ የተጻፈ፣ ያውም በጠርዝ ላይ! በተጨማሪም ሶርያውያኑ በዓሉን በጃንዋሪ 6 ያከብሩ ከነበሩት ጋር የሚከራከሩበት ጉዳይ ስለነበረ ማስታወሻው ከክርክር የጸዳ ምስክርነት አይደለም።

በሌላ በኩል አደጋው ፈጽሞ አልነበረም ማለትም አይቻልም። በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ልዮን፣ ወደ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ አንዳንድ ምእመናን በደረጃው ላይ ዞር ብለው ለምትወጣዋ ፀሐይ አንገታቸውን ሰበር ያደርጉ ስለነበር በስብከቱ ገሥጿቸዋል። የሂጶኑ አውግስጢኖስም ምእመናኑን፣ ይህን ቀን ስለምናያት ፀሐይ ሳይሆን ፀሐይን ስለ ፈጠረው እንዲያከብሩ አሳስቧል። አባቶች ጉዳዩን ሸፋፍነው አላለፉትም፤ በዐውደ ምሕረት ላይ በግልጽ ተናገሩበት። እኛም ከእነርሱ የተማርን ብንሆን ኖሮ በእኅታችን ባልሳቅን ነበር።

እንግዲህ ቀኑ ከፀሐይ በዓል ካልመጣ ከየት መጣ? እዚህ ላይ አሳባችሁን ሰብስባችሁ ተከተሉኝ፤ ከቻላችሁ እርሳስ ያዙ።

መጋቢት 29 ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ምን በዓል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በዓለ ትስብእት፣ ማለትም ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበትና አካላዊ ቃል በማኅፀኗ ያደረበት ቀን ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ነው። ዘጠኝ ጊዜ 30 ሲባል 270 ይሆናል፤ በመካከሉ ጳጉሜን አለችና 5 ቀን ሲጨመር 275 ይሆናል። ይኸውም አባቶች «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚሉት ነው። አሁን ደግሞ በአውሮፓውያኑ ወር ቁጠሩት፦ ከማርች 25 እስከ ዲሴምበር 25 ስንት ቀን ነው? ያው 275። መጋቢት 29 በጥንቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 25 ነው፤ ታኅሣሥ 29ም በዚያው አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ቀኖቹ አንድ ናቸው።

ነገሩ ይበልጥ የሚታየው በዘመነ ዮሐንስ ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ያን ጊዜ ከመጋቢት 29 ተነሥተን ብንቆጥር 275ኛው ቀን የሚውለው ታኅሣሥ 28 ላይ ነው። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ማክበራችንን ታስታውሳላችሁ። «ቄሶቹ ዘንድሮ ገናን አሳሳቱ» ሲሉ የሰማኋቸው የሰፈራችን ሰዎች ነበሩ! አልተሳሳቱም። የሚጠብቁት ሕፃኑ በእናቱ ማኅፀን የቆየበትን ቀን ቁጥር ነው። አንድ በዓል በየአራት ዓመቱ ቀኑን ዝቅ የሚያደርገው ከፅንስ ጀምሮ ተቆጥሮ የሚደረስበት ስለሆነ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ መምህሮቻችን የሚሰጡት ምክንያትም ይኸው ነው።

የመጋቢቱ ቀን ራሱስ ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። የጥንት ክርስቲያኖች ከሁሉ በፊት አጥብቀው የፈለጉት ጌታ የተሰቀለበትንና የተነሣበትን ቀን ነው። በእኛ ትውፊት ጥንተ ስቅለት መጋቢት 27፣ ጥንተ ትንሣኤ መጋቢት 29 ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ማርች 25ን የስቅለት ቀን ያደረጉ አሉ፤ ጠርጡልያኖስ ከእነርሱ አንዱ ነው። አውግስጢኖስም ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ ጌታ በተፀነሰበት ቀን እንደተሰቀለ፣ በዲሴምበር 25ም እንደተወለደ የሚታመን መሆኑን ይገልጻል። ሁለቱ ወገኖች በስቅለትና በትንሣኤ ይለያዩ እንጂ አሳባቸው አንድ ነው፦ የመዳናችን መጀመሪያና ፍጻሜ በአንድ ቀን ተገናኙ። የፅንሱ ቀን በፋሲካ ተገኘ፤ የልደቱ ቀን በፅንሱ ተገኘ። በሌላ አነጋገር፣ ገና የትንሣኤ ልጅ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። ካህኑ ዘካርያስ ወደ መቅደስ ገብቶ ሲያጥን ሕዝቡ ሁሉ በውጭ ይጸልይ እንደነበር ሉቃስ በምዕራፍ 1 ጽፏል። አፈ ወርቅ ይህን በመስከረም ገደማ ከሚውለው የአይሁድ የስርየት ቀን ጋር አገናኘው። ኤልሳቤጥ ከዚያ በኋላ ፀነሰች፤ በስድስተኛው ወር መልአኩ ወደ ናዝሬት ተላከ፤ ይህ መጋቢት ይሆናል፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ታኅሣሥ ነው። በእኛም ስንክሳር የዮሐንስ ፅንሰት መስከረም 26፣ ልደቱ ሰኔ 30 ቀን ነው። ዮሐንስ የተወለደው ቀኑ ማጠር በሚጀምርበት፣ ጌታ የተወለደው ቀኑ መርዘም በሚጀምርበት ወቅት መሆኑን አውግስጢኖስ አስተውሎ፣ መጥምቁ «እርሱ ሊልቅ እኔ ላንስ ይገባል» ያለውን በዚህ ተርጉሞታል።

እዚህ ላይ ቅን መሆን ይገባናል። ይህ ሁሉ ቁጥር ጌታ በእርግጥ በዚያ ቀን ለመወለዱ ማረጋገጫ አይሆንም። ዘካርያስ በሰሙን ተራው ያጠነ ካህን እንጂ ሊቀ ካህናት አልነበረምና የአፈ ወርቅ መነሻ ጥያቄ ይነሣበታል። መጋቢት 29ም ሌሊትና ቀን ከሚተካከሉበት ወቅት ጋር ተያይዞ የታሰበ ነው፤ ዓለም የተፈጠረው በዚያ ወቅት ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ስለዚህ ፀሐይ በሒሳቡ ውስጥ የለችም አልልም። ያለችው ግን እንደ ሰዓት እንጂ እንደ አምላክ አይደለም፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ብርሃናት የተሰጣቸው ሥራ ዘመንን ማመልከት ነውና። ነቢዩ ሚልክያስም በምዕራፍ 4 የሚመጣውን «የጽድቅ ፀሐይ» ብሎ ሲጠራው ከሮማው አውሬሊያኖስ መበደር አላስፈለገውም፤ ከ600 ዓመት በላይ ቀድሞታል።

አሁን ወደ ጥር 11 እንመለስ። በግብፅ፣ በሶርያና በኢየሩሳሌም የነበሩ ክርስቲያኖች ለረጅም ጊዜ የጌታን ልደትና መገለጥ በአንድ ቀን ያከብሩ ነበር፤ እርሱም ጃንዋሪ 6፣ በግብፅ ወር ጥር 11 ነው። በ381 እና በ384 መካከል ከምዕራብ ወደ ኢየሩሳሌም የተሳለመችው ኤጌርያ የተባለች ሴት በዚህ በዓል ያየችውን ጽፋልናለች። ሕዝቡ ሌሊቱን በቤተ ልሔም አድሮ ከመነኮሳቱና ከጳጳሱ ጋር እየዘመረ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ጎሕ ይቀድ ነበር። የሚያሳዝነው የጽሑፏ አንድ ቅጠል በዚህ ሥፍራ ላይ ስለጠፋ በቤተ ልሔም ዋሻ ውስጥ ያየችውን አናነብም። ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ልደትና ጥምቀትን በአንድነት በጃንዋሪ 6 ታከብራለች።

ሁለቱ በዓላት የተለያዩት በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት ነው። በቁስጥንጥንያ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ380 ገደማ በዲሴምበር 25 ስለ ልደት ሰበከ። በአንጾኪያ አፈ ወርቅ በ386 ገደማ ሲሰብክ፣ በዓሉ በከተማው ከታወቀ ገና አሥር ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። ብዙዎች «አዲስ ነገር ነው» ብለው ያጉረመርሙ ነበር። በእስክንድርያ ደግሞ በ432 ታኅሣሥ 29 ቀን የሆነውን እናውቃለን። ከአንድ ዓመት በፊት በኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስ ተወግዟል፤ እመቤታችንም ወላዲተ አምላክ መሆኗ ታውጇል። የኤሜሳው ጳጳስ ጳውሎስ ለዕርቅ ወደ ቅዱስ ቄርሎስ መጥቶ በዚህ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ እንዲሰብክ ተፈቀደለት። ማርያም አማኑኤልን የወለደች ወላዲተ አምላክ ናት ብሎ ሲናገር፣ ሕዝቡ ስብከቱን አቋርጦ ሃይማኖታችን ይህች ናት እያለ ጮኸ። እኛ ከእስክንድርያ የተቀበልነው ታኅሣሥ 29 እንግዲህ ይህ ነው። ወሩም ቀኑም ሳይለወጥ እስከ ደጃፋችን ደርሷል።

የበዓሉ ትርጉም የሚገኘውም በዚህ ጩኸት ውስጥ ነው። ባሲሊደስን ታስታውሳላችሁ? እርሱን የመሰሉ መናፍቃን፣ ኢየሱስ ተራ ሰው ሆኖ ተወልዶ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ነው መለኮት ያደረበት ይሉ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው ጥምቀት እንጂ ልደት ምን ያደርግለታል? በግርግም የተኛው ሕፃን ለእርሱ ባዶ ዕቃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ልደትን ለብቻው አውጥታ ስታከብር፣ በጨርቅ የተጠቀለለው፣ ጡት የለመነው፣ በብርድ ያለቀሰው ራሱ አምላክ ነው ማለቷ ነው። መምህሮቻችን ሁለት ልደታት ብለው ያስተምሩናል። ቀዳማዊ ልደቱ ከአብ ያለ እናት፣ ዘመን ሳይቆጠር የሆነ ነው፤ ስለዚህ ቀን የለውም። ደኃራዊ ልደቱ ከድንግል ያለ አባት፣ በዘመን ውስጥ የሆነ ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠርለታል። 275 ቀን የሚቆጠርለት ሥጋ ለባሽ ብቻ ነው። ፀሐይ በማኅፀን አትቆይም።

ስለ ታኅሣሥ 22 አንድ ነገር ልጨምር፤ ስፈልግ ያገኘሁትና ብዙ ያስደሰተኝ ነው። መጋቢት 29 ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፣ ብሥራት በድምቀት የሚከበረው ከልደት ሳምንት አስቀድሞ በታኅሣሥ 22 ነው። ይህንንም የሠራው የጥልጥልያው ደቅስዮስ መሆኑን፣ እመቤታችንም ስለዚህ ልብስና ወንበር እንደሰጠችው በተአምረ ማርያም መጀመሪያ ላይ ሲነበብ ከሕፃንነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ጥልጥልያ የት ናት? በእስጳንያ የምትገኘው ቶሌዶ ናት፤ ደቅስዮስም በ657 በዚያች ከተማ ሊቀ ጳጳስ የሆነውና በ667 ያረፈው ኢልደፎንሶስ ነው። በ656 በቶሌዶ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ብሥራት በጾም ላይ እንዳይውል ወደ ዲሴምበር 18 እንዲዛወር ወስነዋል። በዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ማለት ታኅሣሥ 22 ነው! አያቶቻችን መንበረ ታቦቱ ሥር ቆመው የሰሙት ትረካ ከእስጳንያ ጉባኤ መዝገብ ጋር ቀን ሳያጎድል ይገጥማል።

የጾሙንም ነገር ልናገር፤ የእኅታችን ጥያቄ የተነሣው ከዚያ ነውና። ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ዋዜማው የሚጾመው ጾም ስሙ ጾመ ነቢያት ነው። መድኅን ይመጣል ብለው የጠበቁት ነቢያት የጾሙትን እናስባለን። ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ፤ ምስባካቸውም ከመዝሙር 143፣ 42 እና 79 የተወሰደ ነው። ዳዊት በመጀመሪያው እጅህን ላክ፣ በሁለተኛው ብርሃንህን ላክ እያለ ይለምናል፤ በሦስተኛው እረኛውን ይጠራል። ተስፋው ከነቢያት፣ ብርሃኑ ከዳዊት፣ እረኛውም ከእስራኤል መጽሐፍ የመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሮማን ጣዖት ብትፈልጉ የምታገኙት አይመስለኝም።

ስለ ሌላው ነገር ብዙ አልልም። የገና ጨዋታው፣ ሩርና ዱላው፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት ሜዳ፣ እረኞቹ የምሥራቹን ሰምተው በደስታ መጫወታቸውን ያስታውሳል ይባላል። በላሊበላ ካህናቱ ከፊሎቹ በዐለቱ አናት፣ ከፊሎቹ ከታች በቤተ ማርያም ቅጥር ቆመው ቤዛ ኩሉን ሲቀባበሉ ሰማያውያንና ምድራውያን አንድ መሆናቸው ይታያል፤ ዕለቱም በትውፊት የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀን ነው። በአንጻሩ በከተማችን ጥድ ላይ ጥጥ እየለጠፉ በረዶ ማስመሰል የተለመደ ሆኗል። ጥዱ ከጀርመን አገር የመጣ ልማድ ነው፤ ኃጢአት ነው አልልም፤ ነገር ግን በረዶን በጥጥ መሥራት ምን እንደሚያስተምረን አልገባኝም።

ይህን ጽሑፍ ጽፌ እንደጨረስሁ፣ ከመታተሙ በፊት፣ በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ወደ እኅታችን ቤት ይዤው ሄድሁ። በመሳቄም ይቅርታ ጠየቅኋት። እናቷ ቡና እያፈሉ ነበር፤ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አነበበችውና ሁለት ጊዜ ስለ 275 ቀን በጣቷ ቆጠረች። ጾሙን እንዳላቋረጠች የነገሩኝ እናቷ ናቸው። ከዚያ እርሷ ሌላ ጥያቄ አመጣች።

አሜሪካን አገር የሚኖር ታላቅ ወንድም አላት። በዲሴምበር 25 ሥራ ዝግ ነው፤ በጃንዋሪ 7 ግን እንደ ማንኛውም ቀን ይሠራል። ልጆቹ «ኢየሱስ ሁለት ጊዜ ነው የተወለደው?» ይሉታል፤ እርሱም ትክክለኛው ቀን የትኛው ነው ብሎ ጠይቋታል። እኔም እንዲህ አልኋት፦ ቀኑ አንድ ነበር። በ1582 የሮማው ፖፕ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዩልዮስ አቆጣጠር ከፀሐይ ዑደት ወደ ኋላ መቅረቱን አይተው ዐሥር ቀን አስዘለሉ፤ ከኦክቶበር 4 ማግሥት ኦክቶበር 15 ሆነ። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ እያደገ ከ1900 ጀምሮ 13 ቀን ደርሷል። በዩልዮስ ዲሴምበር 25 የሆነው ቀን በአዲሱ ጃንዋሪ 7 የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በ2100 ልዩነቱ አንድ ቀን ስለሚጨምር ከ2101 ጀምሮ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ይሆናል፤ ለእኛ ግን ያው ታኅሣሥ 29 ነው። የአርመን ክርስቲያኖችም በቅድስት አገር የዩልዮስን አቆጣጠር ስለሚከተሉ በዓላቸው በጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ስለዚህ ቤተ ልሔም በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ልደትን ታያለች፣ የእኛም ካህናትና ተሳላሚዎች በመካከለኛው ላይ ይገኛሉ።

ወንድሟ በዋዜማው ከሥራ እንደወጣ ልጆቹን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ተሸክሟቸው ይመለስና ሁለት ሰዓት ያህል ተኝቶ ሥራ ይገባል። አሁን አለቃውን አስቀድሞ ለማስፈቀድ አስቧል። «በ2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ታኅሣሥ 28 ይሆናል ብለሃል፤ ታዲያ ፈቃዱን የትኛውን ቀን ይጠይቅ?» አለችኝ። እኔም ወረቀት አውጥቼ ቆጠርሁ። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ታኅሣሥ 28ም በጃንዋሪ 7፣ 2028 ላይ ያርፋል። እኛ አንድ ቀን ዝቅ ብናደርግም በእርሱ አገር ቀኑ አይለወጥም። «ጃንዋሪ 7ን ይጠይቅ» አልኋት፤ ስልኳን አንሥታ ጻፈችለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።